ካርድ ክፍላችንን ላስተካከሉልን እትዬ ምስጋና፣ ክሊኒክ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ምስጋናዬ ለአንዲት እናት ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። እሳቸውም አደራ ብለውኛል፤ እኔም ስልካቸው ዕረፍት እንዲያጣ አልፈልግም። ክሊኒካችን ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። በመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን እየተጠሩ የግል ክሊኒኮችን ካርድ ክፍልና የወረፋ አካሄድ ያስተካክላሉ። ቢሮ የላቸውም፣ ማስታወቂያም አይሠሩም። በሰው በሰው ነው የሚገኙት። እኛም ያገኘናቸው እንደዚያው ስለሆነ በተራዬ ልጠቁማቸው።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ አለን። ሁለታችንም ሐኪሞች ነን። ታካሚ አልጠፋም፣ ተመስገን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ታካሚው ከገባ በኋላ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የገባ ሰው 6 ሰዓት ላይ አሁንም አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ፊት የተቀመጠው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው ካርድ ሲፈለግ፣ ካሸር ጋ ሲመላለስ፣ የላብራቶሪ ውጤት ሲጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ ውጤቱን ይዞ በሬ ላይ ሲቆም ነው። ሰው ይናደዳል፣ ቢናደድም አይፈረድበትም። ንዴቱን የሚቀበሉት ግን ካርድ ክፍል ያሉት ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ አልቅሳ ያልዋለችበት ቀን ጥቂት ነው።

ባልደረባዬ መፍትሔው ኮምፒውተር ነው ይል ነበር። የአንድ ሶፍትዌር ድርጅት ሰዎች መጥተው ፕሮግራማቸውን አሳዩን። ያምራል። ዋጋው ግን አይቀመስም። መብራት ሲጠፋስ ምን እናደርጋለን ብንላቸው ጄኔሬተር ግዙ አሉን። እትዬን የጠቆመን ሰው በዚያው ሰሞን ነው የተገኘው።

የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ ሥራ ይጀምራሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ታካሚ የሚጠብቅበት ኮሪደር ላይ ደብተርና የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። አንድ ታካሚ ይመርጣሉ። ከበር ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ በዓይናቸው ይከተሉታል። የት ስንት ደቂቃ ተቀመጠ፣ ስንቴ ተነሣ፣ ማንን ጠየቀ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ታካሚ። ሠራተኞቻችን ከጤና ቢሮ የመጡ ተቆጣጣሪ መስለዋቸው ቀኑን ሙሉ የጋውናቸውን ቁልፍ ሲቆልፉ ዋሉ።

ማታ ሁላችንንም ሰብስበው የጻፉትን አነበቡልን። ሆዷን አሟት የመጣች አንዲት ልጅ ካሸር ጋ ሦስት ጊዜ ተሰልፋለች፤ ለካርድ፣ ለላብራቶሪ፣ ለመርፌ። ሦስቱንም ጊዜ ከመጨረሻው ነው የጀመረችው። በየደረሰችበትም «አሁን ደግሞ ወዴት ነው?» እያለች ሰው ጠይቃለች። «ልጅቷ የታመመችው ሆዷን ነው፤ እናንተ እግሯንም ጨመራችሁላት» አሉን። ማንም አልሳቀም።

ሥራቸውን የጀመሩት ከካርድ ክፍል ነው፤ እኔም እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ሰው የሚፈለገው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። አጻጻፉ ደግሞ እንደ መዝጋቢዋ እጅ ነው። አንዷ «ፀሐይ» ብላ የመዘገበቻትን ሌላዋ «ጸሃይ» ብላ ትፈልጋታለች። ካርዱ አይገኝም። አይገኝምና አዲስ ካርድ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ካርድ ይኖረዋል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው አንደኛው ካርድ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ግን ሌላኛው ነው። ይህን የሚያነብ ሐኪም ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

እትዬ መፈለጊያ ካርዶቹን እንደገና አስጻፉ። መንግሥት ሆስፒታል የሠራ ሰው «ኤምፒአይ» ሲባል ያውቀዋል። በስም ተራ የምትቀመጥ፣ የታካሚውን ካርድ ቁጥር የምትነግር ትንሽ ካርድ ናት። በዚህች ካርድ ላይ ብቻ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ተባለ። ሐም ኀም ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ባልደረባዬ ትንሽ የቋንቋ ሰው ነውና ቅር አለው። «ዶክተር፣ ሰው ነው እየፈለግን ያለነው፤ ቅኔ አይደለም» ብለው ዘጉት። ስልክ ቁጥርም ተጨመረ። ሁለት ሰዎች እስከ አያት ድረስ ስማቸው አንድ ሲሆን የሚለያቸው እሱ ነው።

ቀጥሎ ትሬሰር መጣ። ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የምትገባ ካርቶን ናት። በስንት ቀን፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደወጣ ይጻፍባታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከመጻፊያ ካርቶን ሌላ ወጪ የለውም። ከዚያ በፊት አንድ ካርድ ሲጠፋ ልጆቹ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ይገለብጡ ነበር። ለደም ግፊት የምንከታተላቸው የአንዲት እማማ ካርድ መርፌ ክፍል፣ የጓንት ካርቶን ሥር ተገኝቷል። አሁን ቦታው ላይ ካርዱ ከሌለ ትሬሰሯ አለች፤ «መርፌ ክፍል» ትላለች፤ አንዷ ልጅ ሄዳ ታመጣለች። ትሬሰር ሳይገባ ካርድ የሚወስድ ሰው ካለ፣ እኔም ብሆን፣ ልጆቹ እንዳይሰጡ ታዘዋል። አንድ ቀን ሞክሬ አልሰጡኝም።

የመደርደሪያው አደራደር ግን የተንኮል ሥራ ነው፤ በደግ ተንኮል። ቀድሞ በቁጥር ተራ ነበር፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ። እንዲህ ሲሆን አዳዲሶቹ ካርዶች በሙሉ መጨረሻው ጥግ ላይ ይከማቻሉ። ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቅርቡ ታካሚ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች እዚያች ጥግ ላይ ሲጋፉ ይውላሉ፣ የቀረው መደርደሪያ አቧራ ይጠጣል። እትዬ ከኋላ ጀምረው እንዲነበብ አደረጉት። የካርዱ ቁጥር 045712 ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው 12 ነው። መደርደሪያው ከ00 እስከ 99 መቶ ቦታ ተከፍሏል፤ ካርዱ 12 ላይ ይገባል። እዚያ ውስጥ 57 ይፈለጋል፣ ከዚያ 04። አዲሱም አሮጌውም ካርድ መቶው ላይ እኩል ይበተናል። አንዷ ልጅ ከ00 እስከ 49 ያለውን ያዘች፣ ሌላዋ ከ50 በላይ ያለውን። መጋፋት ቀረ። ካርድ ያለቦታው ቢገባም የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል። በየፎልደሩ ጠርዝ ላይ እንደ ቁጥሩ የቀለም ፕላስተር ስለተለጠፈ፣ ሰማያዊ መሀል የገባ ቢጫ ከበሩ ይታያል። ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሠሩበታል። ለእኛ ዓይነት ክሊኒክ የሚያስብልን ሰው ነበር የጠፋው።

ማዛወሩ ቀላል ሥራ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ እየተገባ ነው የተሠራው። እትዬ ራሳቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ፎልደር ሲያራግፉ ነበር። አቧራው ያስነጥሳቸዋል፣ «ይማርሽ» ስንላቸው ይስቃሉ፣ ይቀጥላሉ።

የቀጠሮ ካርዶችን በዋዜማው አውጥቶ ማሳደርም የእሳቸው ነው። የነገ ቀጠሮ ያለው ሰው ካርድ ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ይወጣል። ጠዋት በር ሲከፈት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ለማሳደስ ብቻ የሚመጣ ሰው ከሰዓት፣ በሰዓት ይቀጠራል። ጠዋቱ ለስኳር ምርመራ ጾማቸውን ለሚመጡ ቀረ። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበላ ያደረ የስኳር ታካሚ እስከ 5 ሰዓት ወረፋ ሲጠብቅ ቢወድቅብን ምን እንላለን? አሁን ደሙን ይሰጣል፣ ወጥቶ ቁርሱን ይበላል፣ ተመልሶ ይገባል።

የካሸሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ካርድና ምርመራ አንድ ላይ ይከፈላል። ሐኪሙ ያዘዘው ላብራቶሪና መርፌ ደግሞ አንድ ላይ፣ ከተቻለ። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ የሚከፍል ሰው መስኮቱ ጋ አይሰለፍም፤ ሲስተር መልእክቱን አይታ ትመዘግባለች። ለተከታታይ መርፌ ወይም ቁስል ለማስጠረግ በየቀኑ የሚመጣ ሰውም የራሱ መዝገብ አለው፤ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል።

በር ላይ የሚውሉት ጥበቃችን፣ ጋሼ፣ ወረፋውን ከሁላችንም በላይ ያውቁት ነበር። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን ሻይ ሊጠጣ እንደወጣ። እትዬ ይህን በመጀመሪያው ቀን አይተዋል። ቁጥር የሚሰጡት አሁን ጋሼ ናቸው። ከቁጥር በፊት ግን ሰውየውን እንዲያዩ ነግረዋቸዋል። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደም የሚፈሰው፣ ራሱን የሳተ፣ ምጥ የያዛት ከሆነች ቁጥር የለም፤ ሲስተርን ይጠራሉ። ሳል ያለበትንም «ስንት ጊዜ ሆነህ ልጄ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ለቲቢ መመርመር እንዳለበት ማንኛውም የጤና ባለሙያ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ግን በተዘጋ ኮሪደር ከሕፃናት ጋር አስቀምጠን ነበር የምናስጠብቀው። አሁን ውጭ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ቶሎም ይታያል።

ላብራቶሪ ሲደርሱ «እኔ እዚህ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ክፍሉን የለወጠውም ያ ጥያቄ ነው። «ከነዚህ ሁሉ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው የቱ ነው?» ጎበዝ ባለሙያ አለን፤ እሱ ግን እንደ ብዙ ቦታ ናሙና ሰብሰብ እስኪል ይጠብቅ ነበር። መልሱ ኢኤስአር ነው፤ የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚዘቅጡ የሚለካው ምርመራ። ደሙ በቱቦው ውስጥ ቀጥ ብሎ አንድ ሰዓት መቆም አለበት፣ ማንም አያፋጥነውም። ሲቢሲ፣ ማለት የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ማሽን ውስጥ ከገባ በደቂቃዎች ያልቃል። «እንግዲያ ይሄ ሰዓት የሚፈጀው መጀመሪያ ይቀመጥ፤ ሌላው እሱ እስኪደርስ ይሠራል» አሉ። ወጥ የሠራ ሰው ሽንኩርቱን ጥዶ ነው ሌላውን የሚከትፈው። ኢኤስአር የታዘዘለት ሰው ደም አሁን ቀድሞ ይቀዳል፣ ታይመር ይሞላለታል፣ የቀረው ምርመራ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል።

ከዚያ ባለሙያችን ራሱ ነቃ፤ ሲያብሰለስለው የኖረውን ሁሉ አወጣ። ፈሳሽ ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ካልገባ የሚንቀሳቀሰው አሜባ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ ያኔ ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። ለስኳር የተቀዳ ደም ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ በተራ ቱቦ ሲቀመጥ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ ዘግይቶ የተሠራ ምርመራ ሰውን ማሰልቸቱ ብቻ አይደለም። ውጤቱም ይዋሻል፣ እኔም በዚያ ውሸት መድኃኒት አዛለሁ። አሁን ሰገራ የራሱ ትሪ አለው፤ ትሪው ላይ ዕቃ ካለ ሌላ ሥራ ይቆማል።

የእኔ በር መጨረሻ ላይ ደረሰ። ይህን ማንኛውም ሐኪም ያውቀዋል። የታካሚ ሆድ እየዳሰስኩ በሩ ገርበብ ይላል። አንድ አንገት ይገባል። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ውጤት ላሳይ ነው። አንዴ ብቻ።» ከኋላው ሌላ አንገት። ተኝታ ያለችው ሴት ልብሷን ትሰበስባለች። የጠየቅኳትን ረሳሁት፣ እሷም የምትመልሰውን ረሳችው። በር ላይ «አያንኳኩ» ብለን እንለጥፍ አልኳቸው። እትዬ አልተስማሙም። «ሰው የሚያንኳኳው ማንበብ አቅቶት አይደለም። የተረሳ መስሎት ነው።»

ስለዚህ ውጤት በታካሚ እጅ መዞሩ ቀረ። ከላብራቶሪ ወደ ሲስተር ይሄዳል፣ እሷ ከካርዱ ጋር ታያይዘዋለች። መጥፎ ውጤት ከላይ ይሆናል። እኔ ጋ የሚገባው አንድ አዲስ ታካሚ፣ አንድ ውጤት፣ አንድ አዲስ፣ አንድ ውጤት እየሆነ ነው። ዋናው ነገር ግን ሲስተር በየጊዜው ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለየሰዉ መንገሯ ነው። «አባባ፣ የእርስዎ ውጤት ደርሷል፣ ከእርስዎ በፊት ሁለት ሰው አለ።» «አንቺ እህቴ፣ ያንቺ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል፤ ሻይ ጠጥተሽ ነይ።» ይኸው ነው። በሩን የሚከፍት ሰው ጠፋ። ከእትዬ ሥራ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። ስለ ቅልጥፍና ሲወራ ሁላችንም ማሽን እናስባለን። አብዛኛው ጭቅጭቅ ግን የሚመጣው የት ላይ እንዳለ ካልተነገረው ሰው ነው።

ባልደረባዬ «ይሄ እኮ ካይዘን ነው» አላቸው፤ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻያውን የጃፓኖች ዘዴ ማለቱ ነው። ሳቁ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱን «ማ»ዎች ግድግዳው ላይ የለጠፈ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እትዬም ሥልጠናውን ወስደዋል። «አራቱን ሁሉም ይሠራዋል። እንግዳ ሲጎበኝም ያምራል። አምስተኛዋ ናት የምትጥለን» ይላሉ። ለዚህም ነው ሥራቸውን ጨርሰው የማይጠፉት። ሳይነግሩን ብቅ ይላሉ። መደርደሪያው ላይ ካርድ የሌለባትን ቦታ ፈልገው ትሬሰር መኖሯን ያያሉ። ከሌለች ጭቅጭቅ አለ።

ጥቆማ ነውና ሌላውንም ልንገራችሁ። እትዬ አፋቸው ኮምጨጭ ያለ ነው። ባለቤቱን በሠራተኞቹ ፊት ይናገሩታል፤ ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ አትጥሯቸው። ጥያቄ ያበዛሉ። መሳቢያ ክፈቱ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራው ከቀድሞውም የባሰ ይዘገያል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ካርድ ከመስጠት ጎን ለጎን ትሬሰር መጻፍ እየለመዱ ነው። ኮምፒውተር አይነኩም። ፕሮግራም ያላችሁ ሰዎች ለፕሮግራሙ ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል፤ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን እሳቸው ቢያስተካክሉላችሁ ፕሮግራሙም ትርምሱን ይዞ አይገባም። ሠራተኛ ለመቀነስ ሰበብ የምትፈልጉ ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጉ። ይህንን ገና ከመግባታቸው ነው ያስጠነቀቁን፤ «ሰው ለማስወጣት ከሆነ የጠራችሁኝ፣ አሁኑኑ ልሂድ።»

ሁሉ ነገር ተፈታ አልልም። ሰኞ ጠዋት አሁንም ጭንቅ ነው። መብራት ሲጠፋ የላብራቶሪው ማሽን ይቆማል፤ ይህንን እትዬም ምንም አያደርጉት። በሌላው ቀን ግን 2 ሰዓት ላይ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ 4 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤቱ ነው። ካርድ ክፍል ያሉት ልጆች ምሳቸውን በሰዓቱ ይበላሉ። ባልደረባዬም የኮምፒውተሩን ነገር ማንሣት ትቷል፤ ቢያንስ ለጊዜው።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ሲስተር፣ ጋሼ፣ የካርድ ክፍል ልጆች፣ የላብራቶሪው ወንድሜ፣ እናንተም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገሩን በየቀኑ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ክፍያቸውን ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ። እንደ ክሊኒኩ ስፋት ይለያያል፤ ለመደርደሪያ የአናጢ ዋጋና የፎልደር ወጪ ለብቻው ነው። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክሊኒካችሁ የት እንደሆነ፣ በቀን ምን ያህል ሰው እንደምታዩ፣ ካርዳችሁ የሚደረደረው በስም ይሁን በቁጥር አብራችሁ ንገሩኝ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁም ጻፉ፤ ማደሪያ ከተዘጋጀላቸው ይሄዳሉ። በፍልሰታ ግን ሥራ አይቀበሉም፤ ከወዲሁ አስቡበት።